ጠመንጃውን ከሥዕሉ አውጡት

ልጆቼ፣

እንጀራ መብላት የጀመርኩት ፖስተር በመሣል ነው። የተጨበጠ ክንድ፣ የሚዘምት ወታደር፣ ሰማይ የሚወጋ ሳንጃ፤ በእንቅልፍ ልቤም እሥለው ነበር። ያኔ ኃይል ማለት ከፍታ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን የትግላችን ሐውልት እዩት፤ በ1977 ዓ.ም. ተመረቀ፣ 50 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አንገት ሳያቀኑ አይታይም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዋሽንግተን የሚኖር የእህቴ ልጅ የቬትናም ጦርነት መታሰቢያን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። «ሐውልቱ የታለ?» አልኩት። ከሣሩ በታች ነበር።

ሁለት ጥቁር የግራናይት ግድግዳዎች፣ እያንዳንዳቸው 75 ሜትር ገደማ፣ መሬቱን ሰንጥቀው ይወርዳሉ። ዳር ላይ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አይበልጡም፤ መካከል ሲገናኙ 3 ሜትር ይደርሳሉ። ፈረስ የለም፣ ጄኔራል የለም፣ ማዕረግ እንኳ አልተጻፈም። ከ58,000 በላይ ስም ብቻ፣ ያውም በፊደል ተራ ሳይሆን በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል። አንድ ቀን የሞቱ ጓዶች እዚያም ጎን ለጎን ናቸው። ድንጋዩ እንደ መስታወት ስለተወለወለ ስሙን ስታነቡ የራሳችሁ ፊት በስሞቹ መሐል ይመጣል። እኔ በፖስተሮቼ ላይ ለተመልካቹ ቦታ ትቼ አላውቅም ነበር።

ግድግዳውን የነደፈችው ማያ ሊን እ.ኤ.አ. በ1981 ከ1,421 ንድፎች መካከል ስታሸንፍ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። አንዳንድ የቀድሞ ወታደሮች ጥቁርነቱንና መሬት ውስጥ መግባቱን እንደ ውርደት ቆጥረው ተቆጡ፤ በ1984 የሦስት ወታደሮች የነሐስ ሐውልት በቅርብ ርቀት ተጨመረ። የልብሱ እጥፋት ሳይቀር የተዋጣ ሥራ ነው፤ የእጅ ሙያ አይካድም። ግን ሰው እዚያ ፎቶ ይነሣል፤ ግድግዳው ጋ ደግሞ ወረቀት ለጥፎ ስም በእርሳስ ይገለብጣል።

እንዲህ ቀንሶ በጥቂት ነገር ብቻ የመናገር ጥበብ፣ ሚኒማሊዝም፣ አደጋም አለው፤ መሣሪያን ሊያስውብ ይችላል። እንግሊዛዊቷ አርቲስት ፊዮና ባነር እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ቴት ብሪተን በተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ እውነተኛ ሃሪየር ተዋጊ ጄት እንደ ታደነ ወፍ አፍንጫውን ቁልቁል አንጠለጠለችው፤ ጃጓር የተባለውን ሌላ ተዋጊ ጄት ደግሞ ቀለሙን አስገፍፋ፣ አስወልውላ በጀርባው አስተኛችው። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ «ሲያምር!» እላለሁ፤ ከዚያ አፍራለሁ። ሁለቱም ስሜት የሥራው አካል ይመስለኛል።

እንግዲህ አንድ የቤት ሥራ፦ ወታደር ሣሉ። ጠመንጃውን አጥፉ፣ ቀጥሎ ማዕረጉን፣ ቀጥሎ ፊቱን። ከዚህ በላይ ብቀንስ ጦርነት መሆኑ ይጠፋል የምትሉበት ላይ ስትደርሱ አቁሙ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስሞክረው ደጃፍ ላይ የቀረ ጫማ ብቻ ተረፈኝ። ክሩን ልፍታው ወይስ እንደታሰረ ልተወው፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።