የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቶኒ ብሩክስ፣ እሽቅድድም ነጂው የጥርስ ሐኪም

ባለፈው እትም ስለ 1950ዎቹ የእንግሊዝ መኪና ተሽቀዳዳሚዎች ስንጽፍ የቶኒ ብሩክስን ስም አንስተን ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች ከእሱ ታሪክ ተነስተው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እስከሚያወርደው የሀረጎ ቁልቁለት ይሄዳሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ግራን ፕሪ (ትልቁ ዓለም አቀፍ የመኪና ውድድር) ያሸነፈ ሰው እንዴት ስሙ ሳይታወቅ ይቀራል? እስቲ ማን እንደነበር ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩን። (መምህር፣ ከፒያሳ፣ ደሴ)

ሙሉ ስሙ ቻርልስ አንቶኒ ስታንዲሽ ብሩክስ ነው። በ1932 ቼሻየር ውስጥ ዱኪንፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ እሱም በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ሙያ ይማር ነበር።

ስሙ የወጣው ኦክቶበር 23 ቀን 1955 ሲሲሊ ውስጥ በምትገኘው ሲራኩዝ ነው። የ23 ዓመት ተማሪ ነው፤ ከዚያ በፊት ፎርሙላ ዋን መኪና ተወዳድሮበት አያውቅም። ወደዚያ ሲበር አውሮፕላን ውስጥ ለፈተናው ያጠና ነበር። የጠራው ኮናውት የሚባል ገንዘብ ያጠረው የእንግሊዝ ቡድን ነው። መኪናው ከውድድሩ በፊት እንዳይሰበር ስለተፈለገ ልምምዱ ጥቂት ዙር ብቻ ሆነና መንገዱን በስኩተር እየዞረ አጠናው። ተፎካካሪዎቹ የማሴራቲ ፋብሪካ መኪኖች ነበሩ። ከ70 ዙር በኋላ ሉዊጂ ሙሶን 50 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ገባ። እንግሊዛዊ ነጂ በእንግሊዝ መኪና ግራን ፕሪ ሲያሸንፍ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኮናውቱ የዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለሳለን።

በ1957 ቫንዎል የተባለው ቡድን ወሰደው። በዚያ ዓመት ጁላይ ኤይንትሪ ላይ የእንግሊዝ ግራን ፕሪ ሲደረግ ብሩክስ ፈረንሳይ ውስጥ ሌማን ላይ ከደረሰበት፣ ኋላ ከምናነሳው አደጋ ቁስሉ ገና አልዳነም ነበር። የቡድን ጓደኛው የስተርሊንግ ሞስ መኪና ሲታመም ብሩክስ የራሱን ሰጠውና ሞስ በእሷ አሸነፈ። ድሉ ለሁለቱም ተመዘገበ፤ የእንግሊዝ መኪና በዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈበት የመጀመሪያ ውድድርም ሆነ።

ጫፍ ላይ የደረሰው በ1958 ነው። ቤልጅየም ውስጥ ስፓን፣ ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግን፣ ጣሊያን ውስጥ ሞንዛን አሸነፈ። ሦስቱም በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ መንገዶች ነበሩ፤ ነጂ ቢሳሳት ማንም አያተርፈውም ነበር። የስፓ አንድ ዙር በዚያን ጊዜ 14.1 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ብሩክስ 24ቱን ዙር በአማካይ በሰዓት 209 ኪሎ ሜትር ጨረሰ። መጨረሻው መስመር ላይ የሆነው ግን ለጋራዥ ሰው ሁሉ ትምህርት ነው። የብሩክስ ካምቢዮ ሊቆም ተቃርቦ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው ማይክ ሆውቶርን ሞተሩ መስመሩ ጋ ሲደርስ ፈነዳ፤ ሦስተኛው ስቱዋርት ሉዊስ ኢቫንስ የገባው የፊት ሰስፔንሽን ክንዱ ተሰብሮ ነው። አንድ ዙር ቢጨመር ድሉ አራተኛ ለነበረው ለክሊፍ አሊሰን ሎተስ ይሆን ነበር። ብሩክስ መኪና ሳይጨርስ መንዳት ይችልበታል የሚባለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን የአምራቾች ዋንጫ ለቫንዎል የሄደውም በዚያው ዓመት ነው።

በ1959 ወደ ፌራሪ ተዛውሮ ፈረንሳይ ውስጥ ሬምስን፣ በርሊን ውስጥ አቩስን አሸነፈ። በ1961 ገና በ29 ዓመቱ ውድድር አቆመና ዌይብሪጅ ውስጥ መኪና ሻጭና ጋራዥ ባለቤት ሆነ። በ2022 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ በ1950ዎቹ ግራን ፕሪ ካሸነፉት መካከል በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

ስሙ የደበዘዘበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ጋዜጣ አያሯሩጥም፣ ጎኑ ያለው ደግሞ ሞስ ነው። ዋንጫም አልያዘም። ሞስ ራሱ ግን ሕዝብ ከማያውቃቸው ነጂዎች ሁሉ ትልቁ ብሩክስ ነው ይል ነበር፤ እኛም በዚህ እንስማማለን።

አፍሪካ መጥቶ ያውቃል? (ከሆጤ፣ ደሴ)

አዎ። በኦክቶበር 1958 ካዛብላንካ፣ አይን ዲያብ ላይ የሞሮኮ ግራን ፕሪ ተደርጓል፤ ብሩክስም ተሳትፎ ሞተሩ ተበላሽቶበት ወጣ። በዚያው ውድድር የቡድን ጓደኛው ሉዊስ ኢቫንስ ሞተሩ ተጣብቆ ከመንገድ ወጣና ክፉኛ ተቃጥሎ ከቀናት በኋላ አረፈ።

ብሩክስ እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ «ነዳጅ ተከፍቶ ቀርቶበት» ተገለበጠ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ መኪኖች ይከሰታል? እንዴት ይፈተሻል? (የጋራዥ ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

ይከሰታል። በጁላይ 1956 ብሩክስ የሚነዳው ቢ.አር.ኤም የተባለ የእንግሊዝ መኪና የነዳጅ መስጫው ማያያዣ ተሰበረ። ቆሞ ተጠገነለትና ወጣ። ከዚያ አቢ በሚባለው ፈጣን መታጠፊያ ላይ ነዳጁ ተከፍቶ ሳይመለስ ቀረ። መኪናው ተገልብጦ እሱን ወረወረውና ተቃጠለ፤ መንጋጋው ተሰበረ። በዓመቱ ሌማን ላይ የአስተን ማርቲኑ ካምቢዮ አንድ ማርሽ ላይ ተቀርቅሮ እያለ፣ እሱን ለማስለቀቅ ሲታገል ከመንገድ ወጣ፤ መኪናው ላዩ ላይ ተገለበጠ። ሌላ መኪና መጥቶ ገጭቶ ባያነሳለት ኖሮ ከሥሩ መውጫ አልነበረውም።

ሁለቱም አደጋዎች ብልሽቱ እየታወቀ በመንዳት የመጡ ናቸው። ብሩክስ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ሕይወት የፈጣሪ አደራ ስለሆነች ጤናው በሚያጠራጥር መኪና ልጥላት አይገባኝም ብሎ ከራሱ ጋር ቃል ገባ።

አሁን ወደ ጋራዡ። የነዳጅ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ባላቸው መኪኖች ነዳጅ የሚጣበቀው በአብዛኛው በአራት ምክንያት ነው። የገመዱ ክር ሽፋኑ ውስጥ ተበጣጥሶ ይይዛል፤ መላሹ ሞላ ይደክማል ወይም ከመንጠቆው ይወልቃል፤ ካርቡራቶሩ ወይም የአየር መዝጊያው በካርቦን ይጣበቃል፤ የእግር ምንጣፍ ፔዳሉ ላይ ይወጣል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል እንጂ ሰው የሚገድለው እሱም ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ኮፈኑን ክፈት። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለል ይርገጥና በድንገት ይልቀቅ። መዝጊያው «ቀጭ» ብሎ ማቆሚያው ላይ ማረፍ አለበት፤ ቀስ እያለ ከተመለሰ ሥራ አለ። ገመዱን ከካርቡራቶሩ ጫፍ ፍታና ሁለቱን ለያይተህ ሞክር፦ መዝጊያው ለብቻው በነፃ ከተመለሰ ጥፋቱ ገመዱ ነው፣ ካልተመለሰ ካርቡራቶሩ ወይም ሞላው ነው። ክሩ የተበጣጠሰ ገመድ በዘይት አይድንም፣ ይቀየራል። ሞላ ስትቀይር መኪናው ሁለት ካለው ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር። መጨረሻ ላይ መሪውን ከዳር ዳር እያዞርክ ደግመህ ሞክር፤ ገመዱ ሌላ ነገር ላይ የሚያዘው አንዳንዴ በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ቢገጥምህ ፍሬኑን አንዴ አጥብቀህ ርገጥና ያዝ። ደጋግመህ አትርገጥ፦ የቤንዚን ሞተር ነዳጁ ሙሉ ሲከፈት የፍሬን ማገዣውን የሚያንቀሳቅሰው ቫኪዩም ይጠፋል፤ የቀረው ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ረግጠህ ወይም ማርሹን ነፃ አድርገህ ሞተሩን ከጎማው ለይ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ቁልፉን የምታጠፋው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው፤ እየሄደ ከነቀልከው መሪው ይቆለፋል።

በ1959 ሰብሪንግ ላይ ቆሞ መኪናውን ባያስፈትሽ ኖሮ የዓለም ሻምፒዮን ይሆን ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው? (ከቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ)

ሒሳቡን እንሥራው። ያን ጊዜ ለአንደኛ 8፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 4፣ ለአራተኛ 3፣ ለአምስተኛ 2 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ፈጣኑን ዙር ላስመዘገበ 1 ይጨመራል። የሚቆጠሩት ምርጥ አምስት ውጤቶች ብቻ ናቸው።

ዲሴምበር 12 ቀን ለዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ፍሎሪዳ ውስጥ ሰብሪንግ ሲደርሱ ጃክ ብራብሃም 31፣ ሞስ 25.5፣ ብሩክስ 23 ነጥብ ነበራቸው። ብሩክስ ለብቻው ሻምፒዮን እንዲሆን ማሸነፍም ፈጣኑን ዙር ማስመዝገብም ነበረበት፦ 23 ሲደመር 9፣ 32። ያለ ፈጣን ዙር ቢያሸንፍ ከብራብሃም ጋር እኩል 31 ይሆናል። ሁለተኛ ቢወጣ 29 ነውና አይበቃም።

በመጀመሪያው ዙር የገዛ ቡድን ጓደኛው ቮን ትሪፕስ ከኋላ ገጨው። ብሩክስ ቃሉን አስታውሶ ገባና አስፈተሸ፤ መኪናው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደበት። የሞስ ካምቢዮ በ5ኛው ዙር ተሰበረ። ብራብሃም መሪ ሆኖ ነዳጅ ጨረሰና መኪናውን እየገፋ አራተኛ ገባ። ያሸነፈው የ22 ዓመቱ ብሩስ ማክላረን ሲሆን ብሩክስ 3 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ሦስተኛ ሆነ። የዓመቱ ውጤት፦ ብራብሃም 31፣ ብሩክስ 27።

ስለዚህ ሁለቱን ደቂቃ ብንመልስለትም አንድ ደቂቃ ይቀራል። ከፊት ሆኖ ቢነዳ ፍጥነቱ ይለወጥ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን መቆሙ ብቻ ዋንጫውን አሳጣው ማለት አይቻልም። ለእኛ የሚታየን ሌላው ኪሳራ ነው። በዚያ ዓመት በጣም የሚሆንለት የስፓ ውድድር ተሰርዟል፤ በጣሊያን የብረታ ብረት ሠራተኞች አድማ ምክንያት ፌራሪ ኤይንትሪ ላይ ስላልተገኘ ብሩክስ በአሮጌ ቫንዎል ተወዳድሮ መኪናው ተበላሸ፤ ሞንዛ ላይ ደግሞ አንድ ዙር እንኳ በቅጡ ሳይሄድ ወጣ። ዋንጫው ያመለጠው በእነዚህ ሦስት ውድድሮች ነው።

ታዲያ ከኋላ የተገጨ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ምን ይታያል? (የሚኒባስ ሾፌር፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ አሽትት፣ ወደ ታችም ተመልከት፦ ነዳጅ ይንጠባጠባል ወይ? ታንከሩ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው። ቀጥሎ የኋላ ጎማዎች ከአካሉ ብረት ጋር እንዳይነኩ እጅህን አስገብተህ ክፍተቱን በሁለቱም በኩል አወዳድር። በጎማው ጎን የተቆረጠ ወይም ያበጠ ካለ ያ ጎማ አይሄድም። የጭስ ማውጫው የፍሬን ቱቦ ላይ እንዳላረፈ እይ። መብራቱንና የፍሬን መብራቱን ሞክር። ከዚያ ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ 50 ሜትር ሂድ፤ መሪው ቀጥ ብሎ መኪናው ወደ ጎን ከሳበ የኋላው አክሰል ተገፍቷልና ተሳፋሪ አይጫንም።

የዲስክ ፍሬን ጉዳይ እንዳይረሳ። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ጭነት አወርዳለሁ፣ ሀረጎ ላይ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄድብኛል። (የአይሱዙ ሾፌር፣ ከሸዋ በር፣ ደሴ)

ቫንዎሎች በ1958 የዲስክ ፍሬን ነበራቸው፤ ፌራሪዎቹ ግን እስከ ዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ መሰል ፍሬን) ይዘው ቆዩ። ልዩነቱ የእርስዎ ችግር ራሱ ነው። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው እሱን ለመድረስ የበለጠ መሄድ ስላለበት ፔዳሉ ይጠልቃል። ሙቀቱም ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ዲስክ ግን አየር ላይ ነው፣ ሲግልም የሚወፍረው ወደ ሸራው ነው።

የሀረጎን ሙቀት እንገምት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ያህል ነው። 10 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ሲወርድ ወደ 59 ሚሊዮን ጁል ይለቃል። ይህ ጉልበት አንድ በርሜል፣ ማለትም 200 ሊትር ውሃ፣ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ያሞቃል። ሞተሩ ካልተሸከመው የሚሸከመው ፍሬኑ ነው።

ፔዳሉ ጠልቆ ግን ጠንካራ ከሆነ ታምቡሩ ግሏል ወይም ሸራው አልቋል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሆኗል፤ ይሄኛው ይብሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ስለሚጠጣ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር፤ የተከፈተና የከረመ ጣሳ አይጨመርበት።

አወራረዱ ላይ፦ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይምረጡ። ያንኑ ዳገት ጭነው የሚወጡበት ማርሽ ወይም ከሱ ዝቅ ያለው ይሁን። መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ ሲሞከር ነፃ ላይ ይቀራል፤ በፍሪ መውረድም ከዚያ የሚለይ ነገር የለውም። የሞተር ፍሬን ካለው ከላይ ጀምረው ይክፈቱት። የእግር ፍሬኑን እየዳሰሱ አይውረዱ፤ ፍጥነቱ ካሰቡት ሲያልፍ ለሦስት ሰከንድ ያህል ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ።

ታች ሲደርሱ መዳፍዎን ሳይነኩ ወደየጎማው ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ሸራው ተይዞ ነው፤ ሲሊንደሩ ወይም መላሽ ሞላው ይታይ። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ እሱ ጭራሽ እየሠራ አይደለምና የሦስቱን ሸክም አብዝቶታል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አይድፉ፣ ይሰነጠቃል። ጎማውን በድንጋይ ደግፈው እስኪበርድ ይጠብቁ።