ደረሰኝ የማይቆረጥለት እገዛ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ከደንገጎ ዳገት ወዲያ፣ ደጋው ላይ ባለ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ ትማራለች። በ4 ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ይኸው 5ኛውን ጀመረች። ሰኞ ሄዳ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ፣ የማበላው እኔ። አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ተገኝቶልኝ ለእሷ ስል ትቻለሁ። እናቴ «ሚስት ነው ያገባኸው ወይስ ተማሪ?» ትለኛለች። ባለፈው ዓርብ «ግን መቼ ነው የምትጨርሺው?» ስላት ምንም ሳትመልስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። እየደገፍኳት ለምን ትሸሸኛለች?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ የወጣው አጥሮ ነው። ሙሉው ላይ «ለእሷ ስል» የምትለዋን ነገር ቆጠርኳት፤ 7 ጊዜ ጽፈሃታል። ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ጠዋት ልጆቹን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ፣ ቀትር ላይ በዚያ ሙቀት ምሳ የሚያሞቅ ባል በሠፈራችን ስንት እንዳለ አንተም እኔም እናውቃለን። ግን ለማታውቀኝ ለእኔ 7 ጊዜ ካልካት፣ ቤት ውስጥስ ስንቴ ትባል ይሆን?

ኒያል ቦልገር የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ጥናት አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችና አጋሮቻቸው በየቀኑ ማስታወሻ ይሞሉ ነበር። አጋር «ዛሬ ረድቻለሁ» ወይም «አልረዳሁም» ይላል፤ ተፈታኙም ድጋፍ ማግኘት አለማግኘቱን ይጽፋል። ተፈታኙን ይበልጥ ቀለል ያለው መቼ ነበር መሰለህ? አጋሩ ረድቻለሁ ባለበት፣ ተፈታኙ ግን እንደታገዘ ልብ ባላለበት ቀን። ነገሩ ይገባል። «እየረዳሁሽ ነው» የሚለው ቃል «ብቻሽን አልቻልሽም» የሚል ጅራት አለው። የውለታ ሸክምም ይጨምራል።

አሁን ወደዚያ ዓርብ እንመለስ። ሚኒባስ ተሳፍራ ዳገቱን ወርዳ መጥታለች። ቦርሳዋ ውስጥ አማካሪዋ በኮመንት ያቀላው ምዕራፍ ሊኖር ይችላል። «መቼ ነው የምትጨርሺው?» የሚለውን ሳምንቱን ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ ነው የከረመችው። መልሱ ደግሞ እሷ እጅ ላይ የለም። አማካሪው እስኪያነብ ትጠብቃለች፤ ጽሑፍሽ ጆርናል ላይ ይውጣ ከተባለች ገምጋሚዎቹን ትጠብቃለች። እኔ የማስተርስ ጽሑፌን ስሠራ ይህቺን ጥያቄ ሽሽት ለቅሶ ቤት እንኳ መሄድ አቁሜ ነበር። ማስተርስ ብቻ!

ሰነፍ ሆና እንዳይመስልህ። ቤልጂየም ፍላንደርስ ውስጥ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ጤና ችግር ተጋላጭ ሆኖ አግኝቷል። ከዚህ ጋር በጣም ተያይዘው ከታዩት ነገሮች አንዱ የሥራና የቤት ግጭት ነው። ስለዚህ የአንተ ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት «አንቺ እንድትሠሪ ልጆቹን ልያዝልሽ» አትበላት። «ከዚራ ሠፈር ዛፉ ሥር ዞር ዞር ልንል ነው» በልና ይዘሃቸው ውጣ። እስከ ምሳ አትመለስ። ስትደውል «ምን ያህል ጻፍሽ?» የለም። መጠየቅ ካማረህ ስለ ሥራው ራሱ ጠይቃት፤ «ይሄኛው ምዕራፍ ስለ ምንድን ነው?» በላት። ላይገባህ ይችላል፣ ችግር የለውም።

የእናትህን ነገር እሷ ጋ አታድርሰው። «እማ፣ ይሄን የተስማማነው ሁለታችን ነን» ብለህ አንድ ጊዜ፣ በአክብሮት፣ ራስህ መልስ። ሁለተኛ ጊዜ ካነሱት ሻይ ጠጥተህ ተነስ።

የአዲስ አበባው ሥራ ግን ሌላ ነው። እሱን ዋጥ አድርገው አልልህም። ከፍቶሃል፣ ደብዳቤህ ያስታውቃል። በየሳምንቱ እንደ ሽሙጥ ጠብ እያደረግክ ከምትቆይ፣ አንድ እሁድ ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ነገር አሁንም ይቆጨኛል» በላት። ቂም ከሚሆን ወሬ ይሁን። አንተም ድካምህን የምታራግፍበት ሰው ያስፈልግሃል፤ ከሰዓት ከጓደኛ ጋር ሻይ ለመጠጣት የማንንም ፈቃድ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ብቻ በዓይንህ ተከታተል። እንቅልፍ አጥታ ከሰነበተች፣ ምግብ ከተወች፣ «መኖር ሰልችቶኛል» ዓይነት ወሬ ካመጣች፣ እስክትመረቅ አትጠብቁ። ቶሎ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ አብረህ ሂድ።

ደግሞ ዲፌንስ ባደረገች፣ ማለትም ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ባቀረበች ማግስት ሚስቴ ሙሉ በሙሉ ትመለስልኛለች ብለህ አትቁጠር። ፈታኞቹ አስተካክዪ የሚሉት አለ፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያም በኋላ ብዙዎች ደስታው ቀርቶባቸው ባዶ ባዶ ይላቸዋል።

ለመጪው ዓርብ ቦርሳዋን በር ላይ ተቀበላት። ከደጋው ብርድ ወደ ድሬ ሙቀት ወርዳ ነው የምትመጣው፤ መጀመሪያ የሚያምራት ቀዝቃዛ ውሃ ነው።