ከብየዳው መስመር ሥር ላለው፦ ለወጣት በያጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከአዘዞ እስከ ቅዳሜ ገበያ ባሉት የብረታ ብረት ቤቶች ደጃፍ ሳልፍ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ዐይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በርና መስኮት ስትበይዱ አያለሁ። ቆሜ ላናግራችሁ እየፈለግሁ ሥራ ላይ ናቸው ብዬ ብዙ ጊዜ አልፌያችኋለሁ፤ ስለዚህ ይህን መጻፍ መረጥሁ።

የፋሲል ግቢን ግንብ ቀርቦ ያየ ሰው ድንጋዮቹ በኖራ እንደተያያዙ ያውቃል። እዚያ ድንጋዩ ድንጋይ፣ ኖራውም ኖራ ሆኖ ይኖራል። ቀጥቃጭ በወናፍ አግሎ በመዶሻ የሚያጣብቀው ብረትም የሚጋጠመው ሳይቀልጥ ነው። አቅልጦ መበየድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሁለቱ ብረቶች ጠርዝ ራሱ ቀልጦ፣ ከኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ከብየዳ ዘንጉ፣ ከሚንጠባጠበው ብረት ጋር በአንዲት ትንሽ ኩሬ ውስጥ ተቀላቅሎ ሲረጋ አንድ አካል ይሆናል። ጠርዙ ካልቀለጠ ከላይ የተቀመጠው መስመር ምንም ያህል ቢያምር ብየዳ አይባልም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት 2,000 ሊትር ለሚይዝ የውሃ ታንከር ከአንግል ብረት መቆሚያ ሠራሁ። ታንከሩ ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ ሁለት ቶን ነው። አንድ ሌሊት የአንደኛው እግር ብየዳ ለቀቀና ታንከሩ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ጠዋት ሄጄ የለቀቀውን ቦታ ስመለከት መስመሩ እንደ ቁስል ቅርፊት ተላቅቆ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የብረቱ ጠርዝ ከመጋዙ እንደወጣ ሹል ነው፣ የመጋዙ ጭረት እንኳ አልጠፋም። በቀዝቃዛ ብረት ላይ ትኩስ ብረት አንጠባጥቤበት ኖሯል።

ብረት በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ቅስት ደግሞ 6,000 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ እጥረቱ የሙቀት ሳይሆን ሙቀቱን ወደ ተገቢው ቦታ የመምራት ነው። ወፍራም ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይወስድባችኋል፤ ቀጭን ቱቦላሬ እንዳይበሳ አምፔሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መጠን፣ ዝቅ አድርጋችሁ የለመዳችሁበት እጅ ወፍራሙ ላይ ያታልላችኋል። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፔር የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ማታ ማታ መብራት ሲዳከም ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ ኩሬውን እመኑ። የኤሌክትሮዱን ጫፍ ከኤሌክትሮዱ ውፍረት በላይ ከብረቱ አታርቁት፤ ኩሬው በሁለቱም ጠርዝ ላይ ሲሳብና ሲያርሰው እስክታዩ ድረስም ወደፊት አትሂዱ።

ኩሬውን ለማየት ደግሞ ዐይን ያስፈልጋል። የፀሐይ መነጽር ብርሃኑን በበቂ ስለማይቀንስ ጨፍናችሁ ትበይዳላችሁ፣ ጨፍናችሁ ስትበይዱም ጠርዙ ይቅለጥ አይቅለጥ አታውቁም። አልትራቫዮሌቱ የዐይን ብሌንን የሚያቃጥል በመሆኑ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት፣ ዐይን ውስጥ አሸዋ የገባ እስኪመስል ነው። የጥቁረት ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ መስታወት ያለው ማስክ ግዙ፤ ከአዲስ ማሽን በፊት እርሱ ይቅደም።

ስለ ኤሌክትሮዱ ሽፋንም ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደ ቀለም ስለምታዩት ነው። ሽፋኑ ሲቃጠል የሚሰጠው ጋዝ ኩሬውን ከአየር ይከልላል፣ የሚቀልጠውም ክፍል እስላግ የሚባል ቅርፊት ሆኖ የሚረጋውን ብረት ይሸፍናል። በእኛ ከተማ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ በማያባራበት ጊዜ ፓኬቱን ከፍታችሁ ሲሚንቶ ወለል ላይ ስትተዉት ሽፋኑ እርጥበት ይስባል። ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ቀለጠው ብረት ይገባና በተለይ ጠንካራና ወፍራም ብረትን፣ ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ እንኳ፣ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። 7018 የተባለው ኤሌክትሮድ የሚመረጠው ሃይድሮጅኑ አነስተኛ በመሆኑ ነው፤ እርጥበት ካገኘው ግን ከ300 ዲግሪ በላይ በምድጃ መድረቅ አለበት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃውም። በርና መስኮት የሚሠራበት 6013 ኤሌክትሮድ ደረቅ ቦታ በደንብ ተዘግቶ ቢቀመጥ ይበቃል።

ነጩን፣ ዚንክ የተቀባውን ቧንቧ ከመበየዳችሁ በፊት መጋጠሚያውን ሞርዱት። ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ብረቱ ሳይቀልጥ እርሱ ጭስ ይሆናል፤ ሌሊት የሚያንቀጠቅጣችሁ ትኩሳት ከዚያ ነው። ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በአጠቃላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታልና ከተቻለ ደጅ፣ ነፋሱ ከጎን እየነፈሰ ሥሩ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሁለት ቁራጭ ላሜራ እንደ ቲ አቁማችሁ በአንድ ጎን ብቻ በይዱ፤ ሲቀዘቅዝ ሞርሳ ላይ አስራችሁ የቆመውን ወደ ተበየደው ጎን በመዶሻ እየመታችሁ አጥፉት። ከተሰበረ የተሰበረውን ቦታ ወደ ብርሃን ወስዳችሁ ጠርዙ ቀልጦ እንደሆነ፣ ወይም የመጋዙ ጭረት እንዳለ እንደሆነ ተመልከቱ።