«እድልሽ ባሕር ማዶ ነው» ለተባልሽው እህቴ

ውድ እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ መቀመጥሽን፣ አክስትሽ ደሴ ወዳሉ መዳፍ አንባቢ ወስደውሽ «እዚህ አገር በርሽ ዝግ ነው፤ እድልሽ ባሕር ማዶ ነው» መባልሽን፣ ከዚያ ወዲህም የሥራ ማስታወቂያ ማየቱን ትተሽ ከደላላ ጋር መነጋገር መጀመርሽን ገልጸሽ፣ «እድል ከሌለኝ መልፋቴ ምን ዋጋ አለው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እስቲ ቀኝ እጅሽን ዘርግተሽ ቀስ ብለሽ ጨብጪው። ቆዳው የሚታጠፈው «የሕይወት»፣ «የልብ» እየተባሉ በሚነበቡት መስመሮች ላይ መሆኑን ታያለሽ። መስመሮቹ የወጡት ገና በእናትሽ ማኅፀን ሳለሽ ነው፤ ሥራቸውም እጅ ሲታጠፍ ቆዳው መታጠፊያ እንዲያገኝ ማድረግ ብቻ ነው።

ስለ ጠባይሽ የተነገረሽ ግን ልክ እንደነበረ፣ ሰው ቶሎ እንደምታምኚና ሆድሽ ቶሎ እንደሚብስ ሳይቀር እንዳወቁብሽ ጽፈሻል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመዘኛ ሰጥቶ፣ «ውጤታችሁ» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደለ፤ አብዛኛውንም የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ተማሪዎቹ ጽሑፉ ምን ያህል እንደገለጻቸው ሲጠየቁ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ሁለት ዓመት ሥራ አጥታ ሆዷ የማይብሳት ልጅ የት ትገኛለች? ዘመድ ወይም ጎረቤት ዓረብ አገር ባለበት በእኛ በወሎስ «ባሕር ማዶ» ለማንኛው ወጣት ቢነገር አይገጥምም? አክስትሽ ግን ጭንቀትሽ አስጨንቋቸው ያደረጉት ነውና አትቀየሚያቸው።

እድል የለም አልልሽም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በሰው በኩል ሥራ ያገኙ አሜሪካውያንን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ የሥራውን ወሬ ከሰጣቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የሚበዙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው የሰሙት። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቀው ነው። ልጅ ሳለሁ ሐይቅ ከተማ በነበረው ቤታችን ከአቦል እስከ በረካ ከተጠጣ በኋላ ስኒ የሚያነቡ ጎረቤት ነበሩን። አንድ ቀን ለታላቅ እህቴ «መንገድ ይታየኛል» አሏት፤ በዚያው ረከቦት ዙሪያ ለቡናው ብቻ ጎራ ያሉ ሌላ ሴት ደግሞ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ጸሐፊ እንደሚፈልግ አነሱ፤ እህቴም በማግስቱ ማመልከቻዋን ይዛ ሄደች። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ስኒውን ያመሰግናል፤ እኔ ግን ወሬውን ያመጡትን ሴትና በማግስቱ የሄደችውን እህቴን አመሰግናለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከተለያየሽ የቆየሽ የክፍል ጓደኞችሽን፣ የተለማመድሽበትን ቢሮ ሰዎችና የአባትሽን የሥራ ባልደረቦች በስልክም በአካልም አግኚያቸው። «ሥራ ፈልጉልኝ» ብቻ አትበያቸው፤ «የመጋዘን ሒሳብ እይዛለሁ፣ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር እሠራለሁ» ብለሽ ለይተሽ ንገሪያቸው፤ ቦታ ሲከፈት የምትታወሺው በዚያ ነው። መሄዱን ከቆረጥሽም፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት በአዋጅ የሚመራ መሆኑን አውቀሽ፣ ፈቃዱን በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሳታጣሪ ለማንም ደላላ ገንዘብም ፓስፖርትም አትስጪ። ያነጋገርሻቸው ሰዎች ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ የማመልከቻሽን ረቂቅም አብረሽ ላኪልኝ፤ አይቼ አስተካክልልሻለሁ።