በባልዲ የተተከለ የጥብስ ቅጠል ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ በኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ በቀለም ባልዲ የተከልሁት የጥብስ ቅጠል ክረምት በገባ ቁጥር እየጠቆረ ይደርቃል። ከባልዲው ሥር ጠጠር አንጥፌበታለሁ፤ ምን ጎደለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስለ ቀዳዳ ያነሡት ነገር ስለሌለ፣ ባልዲው የውኃ መውጫ የለውም ብለን እንገምታለን። ውኃ መውጫ ሲያጣ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣና ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል፣ ተክሉ በርጥብ አፈር ላይ ቆሞ የተጠማ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ይህን አይቶ ውኃ ይጨምርበታል። ከታች የሚነጠፈው ጠጠር በሰፊው ቢታመንበትም አይጠቅምም፤ ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ይጠራቀማል፤ እንዲያውም ረግረጉን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል።

ስለዚህ ጠጠሩን አውጥተው የባልዲውን ታች 5 ወይም 6 ቦታ ላይ ይብሱት፤ አፈሩ እንዳይፈስ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ ይበቃል። መረሬ አፈር (ውኃ የሚቋጥረው ጥቁር ጭቃማ አፈር) ለብቻው ለባልዲ አይሆንም፤ 2 እጅ ለም አፈር ከ1 እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ለብሎኬት ከሚውለው ፑሚስ ጋር ይቀላቅሉ። ባልዲውን በጣውላ ቁራጮች ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ለታች ጎረቤት ሲባል ሳህን ካደረጉበትም የተጠራቀመውን ውኃ ወዲያው ይድፉት።