ኤች አይ ቪና አንጎል፦ የምርምር ገንዘብ (ግራንት) ከመጠየቃችሁ በፊት

እዚህ አሜሪካ ዶክትሬት እየሠራችሁ ወይም ፌሎሺፕ ላይ ሆናችሁ የምትደውሉልኝ ልጆች ጥያቄያችሁ ይመሳሰላል፦ «ኤች አይ ቪ አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አገር ቤት ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ገንዘቡን ከየት ላምጣ?» ገንዘቡ ያለበት ቦታ አይጠፋችሁም። የዚህ ምርምር ዋና ደጋፊ ኤን አይ ኤች (የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የጤና ተቋማት) ነው፣ በተለይም በሥሩ ያለው የአእምሮ ጤና ተቋም። የሚከብደው ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ማወቁ ነው። እኔ የወደቅሁትም እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ኤም አር አይ፣ ከወገብ የሚቀዳ ፈሳሽ፣ የደም ምርመራ፣ ያልጨመርኩት ነገር አልነበረም። ተመለሰብኝ። አንደኛው ገምጋሚ የጠየቀው ይህን ነበር፦ በምትጠቀምበት ፈተና ቫይረሱ የሌለበት አማርኛ ተናጋሪ ስንት ያመጣል? መልስ አልነበረኝም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውንና በባልቲሞርና በካምፓላ የተፈተሸውን ዓለም አቀፉን የኤች አይ ቪ ዲሜንሺያ (ከባድ የአእምሮ መድከም) መለኪያ እንውሰድ። ለታካሚው አራት ቃላት ይነገሩታል፦ ውሻ፣ ባርኔጣ፣ ባቄላ፣ ቀይ። በመሃል ጣቶቹን በፍጥነት ያጋጫል፣ እጁን በታየው ቅደም ተከተል ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ቃላቱን ይጠየቃል። ከ12 ነጥብ 10ና ከዚያ በታች ያመጣ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ቀላል ይመስላል። ባርኔጣን «ቆብ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ግን ለብዙ እናቶቻችን የሚታያቸው መነኩሴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ገበሬ ጣትም ከጸሐፊ ጣት እኩል አይፈጥንም። እሱ ነጥብ ቢያጣ ጥፋቱን ቫይረሱ ላይ መጫን ግፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ሕክምና ባልጀመሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ቫይረሱ ባለባቸውና በሌለባቸው መካከል የጎላ የፈተና ውጤት ልዩነት አላገኘም። አሜሪካ ውስጥ ግን 1,555 ሰዎች የተሳተፉበት ቻርተር የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ግማሽ ያህሉ ላይ የማስታወስና የማሰብ ጉድለት እንዳለ ዘግቧል። ለምን? እኛ ዘንድ የሚበዛው የቫይረሱ ዝርያ ሲ ነው፣ አሜሪካ የሚበዛው ቢ ነው፤ ምናልባት ሲ አንጎል ላይ ረገብ ይል ይሆናል። ወይም መለኪያው እኛን አይለካም። ይህን ሁለተኛውን ጥርጣሬ ሳናጠራ ወደ መጀመሪያው መሄድ አንችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ገንዘባችሁ ጤነኛ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪዎችን በዕድሜና በትምህርት ደረጃ ለይታችሁ ለኩ። አር 21 የሚባለው ግራንት ለሁለት ዓመት እስከ 275,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ይሸፍናል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ስለ መኖሪያ ወረቀታችሁም አስቡ። ከኤን አይ ኤች ግራንቶች መካከል ኤፍ 31 (ለዶክትሬት ተማሪ)፣ ኬ 01ና ኬ 23 (ለጀማሪ ተመራማሪ) ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፤ በዲቪ የመጣችሁ ትችላላችሁ፣ በተማሪ ቪዛ ያላችሁ አትችሉም። ኬ 99 (ከዶክትሬት በኋላ ላለ ተመራማሪ)፣ አር 21ና አር 01 (ትልቁ የምርምር ግራንት) ዜግነት አይጠይቁም። ኬ 43 የተዘጋጀው በታዳጊ አገር ተቋም ውስጥ ለሚሠራ የዚያው ዓይነት አገር ዜጋ ስለሆነ አገር ቤት ላለው ባልደረባችሁ ንገሩት። ኤን አይ ኤች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ለውጭ አገር ተቋማት በአሜሪካ ተቋም በኩል ገንዘብ የሚተላለፍበትን አሠራር መቀየሩን አስታውቋል፤ አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ፕሮግራም ኦፊሰሩን (ግራንቱን የሚከታተለውን የኤን አይ ኤች ባለሙያ) አነጋግሩ።

ባልደረባችሁን ደግሞ ማስገቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለፊርማ ብቻ አትጥሩት። ጥያቄውን አብራችሁ ቅረጹ፣ ስሙ ከስማችሁ ጎን ይሁን።

የፈቃድ ቅጹ ላይ በጣም ጠንቀቅ በሉ። እኛ «ጭንቅላቱን ነክቶታል» ስንል ሰው የሚሰማው እብደት ነው። በሽታው ካመጣው መገለል ላይ ይህን መጨመር ያሳዝናል። «የማስታወስና የእጅ ቅልጥፍና ምርመራ» በሉት፤ መድኃኒቱን በአግባቡ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከባዱ የአእምሮ መድከም ብርቅ መሆኑንም በቃል አስረዷቸው።

አንዲት እናት ፈተናውን ጨርሰው ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ውጤቴን ማን ይነግረኛል ልጄ?» አሉኝ። በበጀቴ ውስጥ ውጤት የምትነግር፣ የደከመውን ወደ ሐኪም የምታገናኝ ነርስ አልነበረችም። እናንተ ደመወዟን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉ።