ጥያቄና መልስ፦ ጆንያው ከእህሉ ሲከብድ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ያለው መጋዘናችንና ደሴ ያለው ቢሯችን በ128 ኪሎቢት የሲሪያል መስመር ተገናኝተዋል። በሁለቱም ጫፍ የሲስኮ ራውተር አለ፤ መስመሩ የሚሠራው በፒፒፒ (ሁለት ራውተሮች በቀጥታ መስመር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ነው፣ ስልኮቹም በጂ.729 (ድምፅን አሳንሶ የሚልክ ዘዴ)። አራተኛ ሰው ሲደውል የሁሉም ድምፅ ይቆራረጣል። ደሴ በኩል የሄደር ኮምፕሬሽን (ድምፁ ተቆራርጦ በሚላክባቸው ጥቅሎች ማለትም ፓኬቶች ፊት የሚለጠፈውን የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ ማመቅ) ብናበራም ለውጥ የለም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ የኮምቦልቻው ጫፍ ነው የጎደለው። አንዱ ራውተር ያመቀውን ሌላው መልሶ መዘርጋት ስላለበት፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ፓኬቱ እንደነበረው ያልፋል። በሁለቱም የሲሪያል ኢንተርፌስ (ራውተሩ ከመስመሩ የሚገናኝበት ወደብ) ላይ ‹አይፒ አርቲፒ ሄደር-ኮምፕሬሽን› የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ፒፒፒ የሚደራደረው መስመሩ ሲነሳ በመሆኑ ኢንተርፌሱን አጥፍተው ያብሩት፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ሥራውን ከቢሮ ሰዓት ውጪ ያድርጉት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚወጣው ድምፅ 20 ባይት ብቻ ሲሆን ሄደሩ ግን 40 ነው፦ አይፒ 20፣ ዩዲፒ 8፣ አርቲፒ 12 (ሦስቱም ድምፁን በኔትወርኩ የሚያደርሱ ፕሮቶኮሎች ናቸው)። የፒፒፒን 6 ባይት ጨምረው በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ከዚያም ወደ ቢት ለመለወጥ በ8 ሲያባዙት አንድ ጥሪ 26.4 ኪሎቢት ይወስዳል። አራት ጥሪ 105.6 መሆኑ ነው፤ በቀረችው 22 ኪሎቢት ላይ አንድ ኢሜይል ሲጨመር መስመሩ ይታነቃል። ሄደሩ ወደ 2 ባይት ሲወርድ ጥሪው 11.2 ይሆናል፤ አራቱ ተደምረው 45 አይሞሉም።

ማመቁን ‹ሾው አይፒ አርቲፒ ሄደር-ኮምፕሬሽን› ብለው ያረጋግጡ። የታመቁት ፓኬቶች ቁጥር ዜሮ ላይ ከቆመ ድርድሩ አልተሳካም። በሁለቱ ራውተሮች መካከል ያለውን ትራፊክ በአይፒሴክ የምታመሰጥሩ ከሆነም ሄደሩ ስለሚሸፈን የሚታመቅ ነገር አይገኝም። ቁጥሩ እየጨመረ ድምፁ ግን ከበፊቱ ከባሰ መስመሩ ፓኬት ይጥላል ማለት ነው። የታመቀው ሄደር ከቀደመው ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሚይዝ አንዱ ሲጠፋ ተከታዮቹም አብረው ይበላሻሉ፤ እንግዲያው መጀመሪያ ኬብሉንና ሞደሙን ይፈትሹ።

አንድ ነገር ግን ኮምፕሬሽን አይፈታውም። 1500 ባይት የሆነ የዳታ ፓኬት በ128 ኪሎቢት ለማለፍ 94 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ድምፁ ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ወረፋ ያብጁ፣ ትልልቁን ፓኬትም በመልቲሊንክ ፒፒፒ ወደ 160 ባይት ይቆራርጡት፤ ያኔ መጠበቁ 10 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ ደሴ ነን፤ መስመራችን 10 ሜጋቢት ፋይበር ነው፣ ራውተሩ ላይ የሚገባው በኢተርኔት። እኛስ የሄደር ኮምፕሬሽኑን እናብራው?

መልስ፦ አያስፈልጋችሁም። ዘዴው ለቀርፋፋ የሲሪያል መስመር የተሠራ ነው፤ በ10 ሜጋቢት ላይ አራት ጥሪ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚወስደው።